ሰልባጅ በኤአይ ፎቶ መሸጥ፦ እቴቴን ጠይቁ

እቴቴ፦ ዛሬ የምፈታው ቦንዳ የለኝም፤ እስከ ማታ እመልሳለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሰልባጅ ሸጫለሁ፣ አራቱን በቴሌግራም። ጥያቄው በኤአይ ስለሚሠራ የልብስ ፎቶ ብቻ ይሁን። «ዋጋ ስንት ነው» ለሚል አልመልስም።

ሚሚ፦ እቴቴ፣ ልብሱን አልጋ ላይ ዘርግቼ አንስቼ ኤአዩ ሞዴል ላይ ቢያለብስልኝ ችግር አለው? ሁሉም እያደረገው ነው እኮ።

እቴቴ፦ አለው። አዲስ ልብስ የሚሸጥ ሰው አንድ ዓይነት ሸሚዝ ሃምሳ አለው፣ ፎቶው የዓይነቱ ፎቶ ነው። ሰልባጅ ግን አንዲት ናት፣ ደግማ አትገኝም። ሰው የሚገዛው ያቺኑ ነው፣ ከነእንከኗ። ኤአዩ ደግሞ ልብስሽን አያለብስም፤ አይቶ እንደ አዲስ ይሥለዋል። ባለፈው ለሙከራ አንድ የጂንስ ጃኬት ሰጠሁት። ግራ እጅጌው ላይ የዘይት ጠብታ አለ፣ ከአምስቱ ቁልፍ አንዱ ወልቋል። ሲመልስልኝ ጠብታው የለም፣ ቁልፉ ስድስት ሆኗል፣ ነጭ የነበረው የኪሱ ስፌት ብርቱካናማ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ቁልፍ ጨምር ያለው የለም! ያንን ብለጥፈው ደንበኛዬ ሞተረኛውን በር ላይ አቁማ ስድስተኛውን ቁልፍ ስትፈልግ ነበር የምትውለው። የግድ ሞዴል ካማረሽ እውነተኛው ፎቶ ይቅደም፣ የኤአዩ ከኋላ ይምጣ፣ ላዩ ላይ «በኤአይ የተሠራ» ብለሽ ጻፊ።

ናቲ፦ እኔ ገዢ ነኝ። ፎቶው ኤአይ መሆኑን በምን ልወቅ?

እቴቴ፦ አጉልተህ እይ። አንገቱ ላይ ያለው የብራንድ ጽሑፍ ይነበባል? ዚፑ ከላይ እስከ ታች ይደርሳል? የሐበሻ ቀሚስ ከሆነ ጥለቱን ተከተል፤ ሸማኔ የሠራው በሥርዓት ይደጋገማል፣ የኤአዩ መሃል ላይ ይምታታበታል። ጀሚኒ በሚባለው የጎግል ኤአይ የተሠራ ፎቶ ሲንትአይዲ የሚባል በዓይን የማይታይ ምልክት አለው፣ እዚያው ጀሚኒ ላይ ጭነህ መጠየቅ ትችላለህ። ምልክቱ አልተገኘም ማለት ግን ፎቶው እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፣ በሌላ መሣሪያ ተሠርቶ ይሆናል። ከሁሉም የሚሻለው የዛሬ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ልብሱ ላይ አስቀምጦ ቪዲዮ እንዲልክልህ ሻጩን መጠየቅ ነው። ካቅማማ ተወው።

ኪያ፦ ስለ ኤአይ ብታስረጂን።

እቴቴ፦ ስለ ምኑ?

ኪያ፦ ስለ አጠቃላይ።

እቴቴ፦ ቀጣይ።

ዳኒ፦ ቆይ፣ ያገለገለ ልብስ ማስገባት ራሱ ክልክል አይደለም እንዴ? ስለ ፎቶ ታማኝነት የምታወሩት በኮንትሮባንድ ዕቃ ነው።

ሔለን፦ ዳኒ፣ አንተ የለበስከው ጃኬት ከየት መጣ?

ዳኒ፦ ከወንድሜ።

ሔለን፦ ወንድምህስ?

እቴቴ፦ ሌላ ቦታ ተጨቃጨቁ።

ቤቲ፦ ልብሱን ሳይነካ ጀርባውን ብቻ እንዲቀይርልኝ ባደርግስ? ቤቴ ጠባብ ነው፣ ግድግዳው ተልጧል።

እቴቴ፦ ጀርባውን ብቻ ስትዪው ቀለሙንም ይነካካዋል። አንቺ የሚያስፈልግሽ ብርሃን ነው። ሰው ይሄን ንቆ ነው ኤአይ ፍለጋ የሚሮጠው። ማታ በቢጫ አምፖል ነጩን ያነሳሽው ክሬም ይመስላል፣ ጥቁር ሰማያዊው ጥቁር ይሆናል፣ ከዚያ «ቀለሙ አይደለም» ተብሎ ይመለሳል፣ የሞተሩን አንቺ ትከፍያለሽ። ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ በመስኮቱ አጠገብ ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ስቀዪ፤ ልጣጩም ተሸፈነ። ፀሐዩ በቀጥታ እንዳያርፍበት። ነጭ ወረቀት ከጎኑ አድርጊ፣ ወረቀቱ ፎቶው ላይ ነጭ ከሆነ የልብሱም ቀለም ትክክል ነው። ከዚያ ሜትር ዘርግተሽ ከብብት እስከ ብብት፣ ከትከሻ እስከ ጫፍ ለኪና ቁጥሩን ጻፊ። «ኤል ነው» አትበይ፣ የአንዱ አገር ኤል የሌላው ኤም ነው። እንከኑን ቀርበሽ ለብቻው አንሺ።

ሳሮን፦ አንዷን አርቲስት አስመስዬ ባለብስባትስ?

እቴቴ፦ አይሆንም። ፊቷን አልሸጠችልሽም።

ዮናስ፦ ጀርመን ነኝ፣ ቪንትድ በሚባል ያገለገለ ልብስ መሸጫ መተግበሪያ ላይ እሸጣለሁ። እዚህ ገዢው ዕቃው በደረሰው በ2 ቀን ውስጥ «እንደተባለው አይደለም» ብሎ ካመለከተ ብሩ ይያዛል። በኤአይ ያሳመርኩትን ሹራብ እንዲሁ አስያዘብኝ።

እቴቴ፦ እሰይ። እዚህ ብሩን በቴሌብር ቀድመን ስለምንቀበል ነው የምንደፍረው።

ናቲ፦ ሻጩን መክሰስ ይቻላል?

እቴቴ፦ ጠበቃ አይደለሁም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ሸማቹን የሚያሳስት ማስታወቂያ ይከለክላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጠበቃ ጠይቅ።

ትዕግሥት፦ እቴቴ ሰላም፣ ኤአይ ሞዴል ላይ ቢያለብስልኝ ችግር አለው?

እቴቴ፦ ሚሚ ጠይቃለች፣ መልሻለሁ፣ ወደ ላይ ውጪና አንብቢ። እውነተኛው ፎቶ ይቅደም። ስንቴ ልበል?

ትዕግሥት፦ አትቆጪ እንጂ፣ አሁን ገና መግባቴ ነው።

እቴቴ፦ እሺ የኔ እህት።

አቢ፦ ያ የጂንስ ጃኬት ግን ተሸጠ?

እቴቴ፦ በዚያው ቀን። ጠብታውን ጣቴን አጠገቡ አድርጌ አነሳሁት፣ የወለቀውን ቁልፍ ቦታም እንደዚያው። ገዢዋ ቤቷ የተረፈ ቁልፍ ነበራት፣ ተክላ ፎቶውን ላከችልኝ።

አቢ፦ በስንት ሄደ?

እቴቴ፦ መጀመሪያ ምን ብዬ ነበር?