ጋቢውን እናትህ ጋ ተወው፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋላ አደን ለሚወጣው ወንድማችን

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ዲቪ ደርሶህ ሐምሌ ላይ ሚኒሶታ፣ አጎትህ ጋ ትገባለህ። አጎትህ ደግሞ ጥቅምት መጨረሻ የዋላ አደን ሲከፈት ይዤህ እወጣለሁ ብሎሃል። አንተ የካዛንቺስ ልጅ ነህ፤ የምታውቀው ጫካ እንጦጦ ብቻ ነው። "ከአሁኑ ምን ልግዛ? አዲስ አበባ ውስጥ ተኩስ የሚያለማምድ አለ ወይ?" ነው ያልከው።

እኔ እዚያው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ 11 ዓመት ኖሬ ነው የተመለስኩት። ሰባቱን ጥቅምት ጫካ ውስጥ አሳልፌያለሁ። አሁን አራት ኪሎ ነኝ፣ ማኪያቶ ይዤ ነው የምጽፍልህ።

ጠመንጃውን ለጊዜው እርሳው። እዚያ ስትደርስ ትለምደዋለህ። እዚህ የሰው መሣሪያ ተውሼ ልለማመድ እንዳትል ደግሞ፤ መዘዙ ብዙ ነው፣ ቪዛህም ገና ትኩስ ነው። ከባዱ ነገር ቁጭ ማለት ነው። ብርድ ላይ፣ ሳታወራ፣ ሳትነቃነቅ፣ ስልክ ሳትነካ፣ አራት አምስት ሰዓት። እኔ የመጀመሪያው ዓመት 40 ደቂቃ አልቻልኩም። እግሬን ሳወዛውዝ፣ አፍንጫዬን ስጠርግ፣ ሰዓት ሳይ ነጋ። ይሄ እዚሁ ሊለመድ ይችላል። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥና በረንዳ ላይ ቁጭ በል። ስልኩን ውስጥ ተወው። አንድ ሰዓት እስክትሞላ አትነሣ። ዘበኛው "ልጄ፣ ደህና ነህ ወይ?" ብሎ ቢጠይቅህ አይግረምህ፣ እኔም ተጠይቄያለሁ። ክረምቱ ደግሞ ለዚህ ምቹ ነው፤ እርጥብ ብርዱ በነፃ ይሰጥሃል።

እንስሳውንም እወቀው። አጎትህ በስልክ አጋዘን ቢልህ የኛን እንዳይመስልህ። የኛ የደጋ አጋዘን፣ ኒያላ የምንለው፣ በድሮው 10 ሳንቲም ላይ ያለው፣ ቀንዱ ጠምዛዛ ነው። ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። የዋላ ቀንድ ግን ቅርንጫፍ ያወጣል፣ በየዓመቱም ከታኅሣሥ በኋላ ረግፎ እንደገና ይበቅላል። እኛ አገር በዱር የሚኖር ዋላ የለም፤ በአፍሪካ ያለው ሰሜኑ ጫፍ ላይ፣ አልጄሪያና ቱኒዚያ አካባቢ ነው። ጊዜ ካለህ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ያለውን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጎብኝ። የኛዎቹን ቀንድ በደንብ አይተህ ብትሄድ እዚያ ልዩነቱ ቶሎ ይገባሃል።

ሚኒሶታ ውስጥ የጠመንጃው አደን የሚከፈተው ለኖቬምበር 6 በሚቀርበው ቅዳሜ ነው። በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 27፣ የመድኃኔዓለም ንግሥ አካባቢ መሆኑ ነው። ወንዱ ዋላ በዚያ ሰሞን ሴት ፍለጋ ይራወጣል፣ ጥንቃቄው ይቀንሳል። ሌላ ጊዜ ቀን ቀን የማታየው እንስሳ ፊትህ ድንገት ብቅ ይላል።

የወረቀቱ ነገር አጭር ነው። በፈረንጅ ከ1979 በኋላ የተወለደ ሰው ፈቃድ ለማውጣት የመሣሪያ ደህንነት ኮርስ መውሰድ አለበት። ካልደረሰልህ የተለማማጅ ፈቃድ አለ፤ ፈቃድ ካለው አዋቂ ጋር ሆነህ በዕድሜህ ሁለቴ ብቻ ትጠቀምበታለህ። በነዋሪ ዋጋ ለመክፈል ደግሞ 60 ቀን እዚያ ኖረህ መሆን አለበት። ሐምሌ ከገባህ ይበቃሃል። ጉዞውን ወደ መስከረም እንዳታሸጋግረው።

አሁን ወደ ሽታ ልምጣ። እዚህ ላይ ነው የተዋረድኩት። የመጀመሪያው መክፈቻ ዋዜማ ዓርብ ነበር፣ ቤት ሽሮ ተሠርቷል፣ ቡና ተቆልቷል፣ እጣን ጨሷል። ሌሊት 9 ሰዓት ተነሥቼ፣ እንደ ሠርገኛ ሽቶ ተነስንሼ ወጣሁ። የሚወስደኝ የሥራ ባልደረባዬ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። መኪናው ውስጥ ገና ስገባ በዚያ ብርድ መስኮቱን ከፈተው። ምንም አላለም። ሲነጋጋ አንዲት እንስት ዋላ ከቁጥቋጦው ወጣች። ነፋሱ ከኔ ወደ እሷ ነበር። ቀጥ ብላ ቆመች፣ የፊት እግሯን መሬት ላይ መታች፣ በአፍንጫዋ "ፉፍ" አለች፣ ጅራቷን አንሥታ ጠፋች። ለቀሪው ጫካ ሁሉ ነገረችብኝ። ከዚያ በኋላ ልብሴን ሽታ በሌለው ሳሙና አጥቤ፣ ውጭ አስጥቼ፣ ኩሽና ሳላስገባ በላስቲክ ቋጥሬ ማስቀመጥ ጀመርኩ። የምትቀመጥበትንም ቦታ ነፋሱን አይተህ ምረጥ። ነፋስ ፊትህን ሲመታህ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ውርደት የጋቢው ነው። እናቴ የላከችልኝ ጋቢ ነበር፣ ንጹሕ ነጭ። በርዶኝ ዛፍ ሥር ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ሲያየኝ ሮጦ መጥቶ ከትከሻዬ ላይ ገፈፈው። ያ ሰው ሲቆጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ለካስ እዚያ ያለው ዋላ ሲደነግጥ የሚያነሣው ጅራት ከሥር በኩል ነጭ ነው። በጫካው ውስጥ ሌላ አዳኝ ካለ፣ ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ ዋላ ይመስለዋል። ስለዚህ ነጭ ጋቢ፣ ነጭ ኮፍያ፣ ነጭ መሐረብም ቢሆን አይሆንም። ሶፍት ስታወጣ እንኳ ተጠንቀቅ። ሕጉ ከወገብ በላይና ኮፍያው ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ እንዲሆን ያዛል። ዋላው ያየኛል ብለህ አትስጋ፤ ብርቱካናማን እኛ እንደምናየው አያየውም። ጋቢው ቤት ሶፋ ላይ ይጠቅምሃል።

ብርዱን በተመለከተ ካፖርት ከዚህ አትግዛ። ሻንጣህን ይሞላል፣ እዚያ ስልባጅ ሱቅ በርካሽ ታገኛለህ። ከዚህ ይዘህ የምትሄደው ጫማ ቢሆን ይሻላል። መርካቶ ጠንካራ ቡት ግዛ፣ ወፍራም ካልሲ አድርገህ ለካው። ከጠበበህ ተወው፤ ጣት ካልተነቃነቀ ደም አይዘዋወርም፣ ሁለት ካልሲ ብትደርብም ይብሱን ይበርድሃል። ከዚያ በክረምቱ እንጦጦ እየወጣህ አለስልሰው። ከቆዳህ ጋር የሚነካው ልብስ ጥጥ አይሁን። ጥጥ ላብ ይይዛል፣ ስትቀመጥ በረዶ ይሆንብሃል። ሱፍ ወይም የስፖርት ጨርቅ ይሻላል። ወፍራሙን ጃኬት ደግሞ እየሄድክ አትልበስ፣ ቦርሳ ውስጥ ያዘውና ስትቀመጥ ደርበው። እኔ በሁለተኛው ዓመት ለብሼው ኮረብታ ወጥቼ፣ በላብ ርሼ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ወደ መኪናው ተመለስኩ።

ስለ ጠመንጃው ሦስት ነገር ብቻ። ከመክፈቻው በፊት ከአጎትህ ጋር ተኩስ ሜዳ ሂድና በ100 ያርድ፣ ማለትም በ91 ሜትር፣ የት እንደሚመታልህ እየው። ቁጥቋጦ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ምን እንደሆነ ለመለየት የጠመንጃውን መነጽር አትጠቀም፤ ሰው ከሆነ ደግነህበታል ማለት ነው። የእጅ መነጽር ለብቻ ያዝ። ዛፍ ላይ መቀመጫ ካለ ደግሞ ቀበቶውን ሳታስር አትውጣ። ጠመንጃውንም ጥይቱን አውጥተህ በገመድ ነው የምትጎትተው፣ ይዘኸው አትወጣም።

ቀናህ እንበል። የገደልከውን ዋላ ማስመዝገብ ግዴታ ነው፣ አጎትህ ያሳይሃል። ሥጋውን መብላት ይቻላል ወይ ላልከው፣ ዋላ በኦሪት ዘዳግም 14 ከሚበሉት ተቆጥሯል። በጥይት መገደሉ ካስጨነቀህ የንስሐ አባትህን ከመሄድህ በፊት ጠይቅ። እዚያ ቄስ ፍለጋ ከምትዞር ይቀላል። ክትፎ ግን አታስብ። የዱር ሥጋ ጥሬውን አይበላም፣ ጥገኛ ተውሳክ ሊኖረው ይችላል። በአንዳንድ አካባቢ ደግሞ የዋላ አንጎል የሚያጠፋ በሽታ ስላለ፣ አስመርምሩ ካሏችሁ ውጤቱ ሳይመጣ ድስት አትጣዱ። ስብ የለውም፣ ስለዚህ ጥብሱ ቅቤ ይፈልጋል። ቋንጣው ግን የበሬውን ያስንቃል። ቶሎ ነው የምትበላው ታዲያ፤ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። የተረፈውን ለገና ፍሪዘር ውስጥ ትከተዋለህ። እኛ ቤት በገና ማለዳ ከዶሮው ጎን የዋላ ጥብስ ነበር፣ ልጆቹ ዶሮውን ትተው እሱን ነበር የሚሻሙት።

ብርቱካናማ ሰደርያዬን ይዤው መጥቻለሁ፤ እዚህ ምን እንደማደርግበት አላውቅም፣ አንዴ ባለቤቴ ለቤት ቀለም ቀቢው አውሳው ነበር። አንዱ ኪስ ዚፑ ተበላሽቷል እንጂ ደህና ነው። ልክህ ከሆነ ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ ብቅ በልና ውሰደው።