የኤሲሽ ጋዝ የት ነው የሚሄደው?

ጥያቄው ከአዳማ ነው። ፍራንኮ አካባቢ የሴቶች ፀጉር ቤት ያላት እህት እንዲህ ትላለች፦ «ያገለገለ ኤሲ ገዛሁ፣ የውጪው ክፍል ላይ አር-22 የሚል የጋዝ ስም ተጽፎበታል። በረዶ ይሠራል፣ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ግን ቤቱን አያቀዘቅዝም። ባለሙያ ጠርቼ ጋዝ አስሞላሁ፣ ብዙም ሳይቆይ ያው ሆነ። ሌላ ሲመጣ ደግሞ ውስጡ የቀረውን ጋዝ አየር ላይ ለቆ አዲስ ሞላበት። እሱም አልቆየም። ልጄ ይሄ ጋዝ ኦዞንን ይጎዳል፣ ካንሰር ያመጣል ትለኛለች። እኛስ ቀኑን ሙሉ እየተነፈስነው ነው?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ይሄን ያዢ። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየዞረ ለዓመታት ይሠራል። ከቀነሰ ወጥቷል፣ ከወጣ ደግሞ የሚያስወጣ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን ሳይፈልግ የሚሞላልሽ ሰው ብርሽን ነው አየር ላይ የሚለቀው።

ግን መጀመሪያ ፊልተሩን እዪ። ፀጉር ቤት ውስጥ ብናኝና ስፕሬይ ቶሎ ይደፍነዋል፣ አየር ካላለፈ ደግሞ ጋዙ ሙሉ ሆኖም በረዶ ይሠራል። አጥፊውና በረዶው በራሱ ይቅለጥ፣ በቢላ እንዳትነኪው፣ የውስጡ ቱቦ ስስ ነው። ፊልተሩን በሳሙና አጥበሽ፣ አድርቀሽ መልሺ። ከዚያ በኋላም በረዶ ከሠራ ባለሙያ ጥሪ።

የሚመጣው ልጅ መጀመሪያ የሚያየው ቱቦዎቹ በነት የሚጋጠሙበትን ቦታ ይሁን። አብዛኛው ሊክ፣ ማለትም የጋዝ መፍሰስ፣ እዚያ ነው፣ በተለይ ኤሲው ከሌላ ቤት ተነቅሎ የመጣ ከሆነ። ነቱ አካባቢ ቅባት ካለ ጋዙ የሚወጣው በዚያ ነው ማለት ይቻላል፣ የሳሙና አረፋ ሲቀባ ደግሞ ይፋፋል። ነቱን ለመፍታት ጋዙን መልቀቅ አያስፈልግም! ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን የሚገፋው ሞተር) ጤነኛ ከሆነ ኤሲው እየሠራ የቀጭኑ ቱቦ ቫልቭ ይዘጋል፣ ጋዙ ተስቦ የውጪው ክፍል ውስጥ ይጠራቀማል፣ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ወደ ዜሮ ሲጠጋ የወፍራሙም ይዘጋና ኤሲው ወዲያው ይጠፋል። የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ይሄን እያወቀ «ትንሽ ናት» ብሎ የሚለቅ ባለሙያ ያናድደኛል።

ከዚያ የቱቦው ጫፍ ተቆርጦ ነቱ እንዲይዘው አፉ እንደ አዲስ ይሰፋል፣ በናይትሮጅን ይፈተሻል። በኦክስጅን እፈትሻለሁ ካለሽ አስወጪው፣ ኦክስጅን ከኮምፕሬሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። በመጨረሻ በቫኪዩም ፓምፕ አየሩና እርጥበቱ ይወጣል፣ የጎደለ ጋዝ ካለ ይሞላል። ሊክ የነበረበት ኤሲ ምን ያህል እንደቀረው ስለማይታወቅ፣ የቀረው ወደ ባዶ ሲሊንደር ተስቦ በኤሲው ሰሌዳ ላይ የተጻፈው መጠን በሚዛን ተለክቶ ቢገባ ይሻላል። በግምት አይሞላም።

አሁን ወደ ልጅሽ። ልክ ናት፣ ግን መንገዱ እንደምታስቢው አይደለም። የምትተነፍሺው ትንሽ ሊክ ካንሰር አያመጣብሽም። ቤት ውስጥ አደጋ የሚሆነው በአንዴ ብዙ ጋዝ በተዘጋ ክፍል ከፈሰሰ ወይም እሳት ካገኘው ነው፤ እሳት ላይ መርዛማ ጋዝ ይሆናል፣ ስለዚህ ጋዝ ባለበት ቱቦ ላይ ብየዳ የለም። ዋናው ጉዳት ሩቅ ነው። አር-22 ውስጥ ክሎሪን አለ። ጋዙ ከመሬት ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለው የኦዞን ንጣፍ ሲደርስ የፀሐይ ጨረር ይሰባብረዋል፣ የተላቀቀው አንድ የክሎሪን አቶምም በሺዎች የሚቆጠሩ የኦዞን ሞለኪውሎችን ያፈርሳል። ከድሮው የፍሪጅ ጋዝ ከአር-12 ጉዳቱ በጣም ያነሰ ነው፣ ግን ዜሮ አይደለም።

ኦዞን ሲሳሳ ወደ እኛ የሚደርሰው የአልትራቫዮሌት ጨረር ይጨምራል። ይሄ ነው የቆዳ ካንሰርና የዓይን ሞራ የሚያመጣው፣ የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅምም ያዳክማል። ትልቁ መሳሳት የታየው በደቡብ ዋልታ ላይ እንጂ በአዳማ ሰማይ ላይ አይደለም፣ ጋዙ ግን ድንበር አያውቅም። እኛ ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፣ አዳማ ራሷ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፣ ጨረሩ ያለዚያም ጠንካራ ነው። ጥቁር ቆዳ ከካንሰሩ በደንብ ይከላከላል። ዓይን ግን ያ መከላከያ የለውም፣ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚውል ሰው ሰፊ ባርኔጣና ጥሩ መነጽር ያስፈልገዋል። አልቢኒዝም ያለበት (ቆዳው ቀለም የሌለው) ሰው ቤት ውስጥ ካለ ጉዳዩ የበለጠ ያሳስባል።

ለዚህ ነው በ1987 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሞንትሪያል ስምምነት የተፈረመው። ኢትዮጵያም አባል ናት። በስምምነቱ መሠረት እንደኛ ያሉ አገሮች አር-22ን እስከ 2030 (ይሄም በአውሮፓውያኑ ነው) ከሞላ ጎደል ያቆማሉ፣ ስለዚህ ጋዙ እየጠፋና እየተወደደ ነው የሚሄደው። የተበሳው የውስጡ ኮይል (አየሩን የሚያቀዘቅዘው ጥቅል ቱቦ) ከሆነ ብዙ አታውጪበት። ሌላ ስትገዢ ሰሌዳው ላይ አር-32 ወይም አር-410ኤ የሚል ፈልጊ፤ እነሱም ምድርን ያሞቃሉ፣ ኦዞንን ግን አይነኩም። «ርካሽ ጋዝ ልሙላልሽ» ብሎ የምግብ ማብሰያ ጋዝ የሚያመጣ ካለ ግን እምቢ በይ። ያንቺ ኤሲ ለሚቀጣጠል ጋዝ አልተሠራም፣ ፀጉር ማድረቂያና ካውያ ባለበት ቤት ደግሞ እሳት ማስነሳት ነው።