ፓች ላይ «ፈረሰኞች» ለምን አልነበብ አለ

ሰላም ወንድሜ፣ ለእንጅባራው የጥር 23 የአገው የፈረስ በዓል ኮፍያ እያሰራህ የመጣልህ የፓች (ኮፍያው ግንባር ላይ ሚለጠፈው የጥልፍ ጨርቅ) ሳምፕል ላይ ፈረሱ ተጨማልቆ «ፈረሰኞች» ሚለውም አልነበብ ብሎህ፣ ማሽኑ ነው ወይስ ዲዛይኑ ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ባህር ዳር ኮፍያና ቲሸርት ላይ ስሰራ 6 አመት ሆነኝ፣ ፎቶውን እንዳየሁት ችግሩ ዲዛይኑ ነው፣ እሱ ደሞ ይሻልሃል ገና ብዙውን ሳታዘው ይስተካከላል።

መጀመሪያ ፊደሉን ልንገርህ፣ ብዙ ሰው ሚሳሳተው እዛ ጋ ነው። የኛ ፊደል ላይ ትንሿ ምልክት ናት ድምጹን ምትቀይረው። የኞ አናት ላይ ያለችው ሰረዝ በክር ከተዋጠች ኖ ይሆናል፣ ች ደሞ ት ይሆናል፣ በቃ «ፈረሰኞች» ያልከው «ፈረሰኖት» ሆኖ ይወጣል፣ ያንተም የሆነው ይሄው ነው። እኔም ስጀምር «ጎጃሜ» ሚል 35 ኮፍያ ጠልፌ የሜ ቀለበት በክር ተደፍና ሁሉም «ጎጃሚ» ሆነው ወጡ፣ ደንበኛው አልቀበልም አለኝ እውነቱን ነው፣ ሁለት ሌሊት ሙሉ እየተረተርኩ እንደገና ሰራሁት። ከዛ ወዲህ የእንግሊዝኛ ፊደል 5 ሚሊ ቁመት ላይ ብሰራም ያማርኛውን ከ8 ሚሊ በታች በጥልፍ አልነካም፣ የቀለበቷ ውስጥ የስሩ ጨርቅ መታየት አለበት። ፎንቱም ወሳኝ ነው፣ ኒያላ ወረቀት ላይ ያምራል ግን ቀጫጭን መስመሮቹ ጥልፍ ላይ ይጠፋሉ፣ በጣም ወፍራሙን ከመረጥክ ደሞ ቀለበቱ ይደፈናል፣ ስለዚህ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን መካከለኛ ውፍረት ላይ አድርግና ፊደሎቹን ራቅ ራቅ አድርጋቸው።

ፈረሱ ላይ ልጓሙን፣ ዛቡን፣ ግላሱን፣ ጋላቢውን ከነጦሩ ሁሉንም አስገብተሃል፣ ከ1 ሚሊ የቀጠነ መስመር ግን ጥልፍ ላይ ጥርት ብሎ አይወጣም። የፈረሱ ጌጥ ለናንተ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፣ በዓሉን መጥቼ አይቸዋለሁ፣ ለዛም ነው ጌጡ እንዳይጠፋ ምፈልገው። አንገቱንና ራሱን ብቻ ትልቅ አርገህ አውጣው፣ ግንባሩ ላይ ያለውን ጌጥ በሁለት ደማቅ ክር አሳየው፣ ያኔ ከሩቅም ይለያል። ሙሉ ፈረሰኛ የግድ ነው ካላችሁ ጥልፉን ትታችሁ የተሸመነ ፓች አሰሩ፣ ክሩ ቀጭን ስለሆነ ዝርዝሩን ይይዛል፣ ያ የጥልፍ ጉብ ጉብ ማለት ግን አይኖረውም።

መጠኑን ቁመቱ 5.5 ወርዱ 8 ሳንቲም አካባቢ አርገው፣ በጣም ከሰፋ የኮፍያው ግንባር ክብ ስለሆነ ጫፉ ይነሳል፣ ለስላሳ ኮፍያ ላይ ደሞ ይባስ ጨርቁን ይጎትተዋል።

ሲለጠፍ በሂት ፕሬስ (በሙቀት ተጭኖ ሚያጣብቀው ማሽን) ብቻ እንዳትተወው፣ ቀኑን ሙሉ ፀሀይና ላብ ሲያገኘው ከጠርዙ ይላቀቃል፣ ሙጫው ቦታውን እንዲይዝ ብቻ ይሁንና ዙሪያውን አሰፋው። ተሰርቶ ያለቀ ኮፍያ የልብስ ስፌት ማሽን ላይ አልገባ ብሎ ያስቸግራል፣ እኔ ምወስደው ጫማ ሰፊ ጋ ነው፣ የነሱ ማሽን ክንዱ ቀጭን ስለሆነ ኮፍያው ውስጥ ይገባል፣ ዙሪያውን ቀስ ብሎ ይሰፋልሃል።

ፋይሉን በቴሌግራም ስትልክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላከው፣ ፎቶው ጥራቱ ይወርዳል። ጽሁፉንም ዲዛይን በሰራህበት ፕሮግራም ላይ ወደ ቅርጽ (አውትላይን) ቀይረህ ላክ፣ ካልሆነ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ወይ ሌላ ፎንት ይሆናል ወይ ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው ሚታየው።

ሁለተኛው ሳምፕል ሲመጣ ኮፍያውን ለሰው አልብሰህ 3 ሜትር ያህል ርቆ ስለ ሎጎው ምንም የማያውቅ ሰው ያንብብልህ፣ አንዴ እንኳ ከተደናበረ ሙሉውን አታዝዝ። እስከዛ ያስተካከልከውን እዚህ ለጥፈው፣ ማታ ገብቼ አየዋለሁ።