ኢሳን ሂጂ፤ አንድ መንደር ላይም ቁጭ በዪ

እህቴ፣ በኅዳር ወር ሁለት ሳምንት ታይላንድ እንደምትቆዪ፣ የባንኮክ ገበያና የፉኬት ባሕር ዳርቻ እንደማያጓጓሽ፣ የገበሬውን ኑሮ ማየት እንደምትፈልጊ ጽፈሻል። የጠየቅሽው ሦስት ነገር ነው፦ የት ልሂድ፣ ሴት ብቻዬን ብሄድ ይቀበሉኛል ወይ፣ ጿሚ ሰውስ እዚያ ምን ይበላል። ሁለት ጊዜ ሄጄ ያየሁትን ልንገርሽ፤ ረዘም ስለሚል በትዕግሥት አንብቢው።

እኔ ያንን አገር ያወቅሁት በጉብኝት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. እናቴን ለማሳከም ባንኮክ ሄድን፤ ለሕክምና ወደዚያ የሚጓዘው የእኛ ሰው ብዙ መሆኑን ታውቂያለሽ። እናቴ ተሽሏት ከሆስፒታል ወጥታ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ስንጠባበቅ ሶንግክራን ደረሰ። ሶንግክራን በየዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ከኤፕሪል 13 እስከ 15 የሚከበር የታዮች የዘመን መለወጫ በዓል ነው። በዚያ ሰሞን ከባንኮክ የማይወጣ የለም ማለት ይቻላል። ታክሲ ነጂው፣ ግንበኛው፣ አስታማሚው፣ የምግብ ቤት ሠራተኛዋ፣ ብዙዎቹ የኢሳን ልጆች ናቸውና የአውቶቡስ መናኸሪያው ወደ እናትና አባቱ በሚመለስ ሰው ይጨናነቃል። እናቴን ስትንከባከብ የነበረችው አስታማሚ "ለበዓሉ እኛ ቤት ነይ" አለችኝ። እናቴን አብራን ለመጣችው እህቴ ትቼ፣ አራት ቀን ብዬ ሄድኩ፤ ዘጠኝ ቀን ቆየሁ።

ስለዚህ የት ልሂድ ላልሽው መልሴ ኢሳን ነው። ኢሳን ከላኦስና ከካምቦዲያ የሚዋሰነው የሰሜን ምሥራቁ ክፍል ነው፤ 20 ክፍላተ ሀገር አሉት፣ ከአገሩ ሕዝብም ሲሶ ያህሉ የሚኖረው እዚያ ነው። ንግግራቸው ከባንኮክ ታይኛ ይልቅ ለላኦኛ ይቀርባል። ባሕር ስለሌለ ጎብኚው ጥቂት ነው። መሬቱ አሸዋማ፣ ሩዙ በአብዛኛው የዝናብ ጥገኛ በመሆኑ ብዙው ገበሬ የሚያመርተው በዓመት አንዴ ነው። ልጆቹ ባንኮክ ወርደው የሚላክ ገንዘብ የሚያጠራቅሙትም በዚህ ምክንያት ነው። በብዙ ቤት አያትና የልጅ ልጅ እንጂ መካከለኛው ትውልድ አይገኝም። በአሥራ አራት ቀን ሰባት ከተማ ለማዳረስ ያወጣሽውን ዕቅድ ግን እባክሽ ተይው። አንድ መንደር ላይ ሰባት ቀን ብትቀመጪ ይሻልሻል። በመጀመሪያው ቀን እንግዳ ነሽ፣ በሁለተኛው ያፍሩሻል፣ ወደ አራተኛው ገደማ ግን ቅጠል እንድትቀነጥሺ ሰፌድ ይሰጡሻል። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የኖርኩት በእንግዳ ወግ ነበር፤ የቤቱን ሰው ያወቅሁት ሰፌዱን ከያዝኩ በኋላ ነው።

ብቻዬን ነኝ ብለሽ አትጨነቂ። መንደሩ ስትደርሺ የሚቀድመው ጥያቄ "ኪን ካው ሌው ቦ?" ነው፤ ሩዝ በልተሻል ወይ ማለት ነው፤ ሰላምታም ይሆናል። የሚከተለው ዕድሜሽ ነው። ቅር አይበልሽ። ዕድሜሽን ካላወቁ ምን ብለው እንደሚጠሩሽ ይቸግራቸዋል። የሚበልጥ "ፒ"፣ የሚያንስ "ኖንግ"፣ በእናት ዕድሜ ያለች "ፓ"፣ በአባት ዕድሜ ያለ "ሉንግ"፣ አያት ደግሞ "ያይ" ይባላሉ፤ ዘመድ ሆኑም አልሆኑ። እትዬ፣ ጋሼ፣ እማማ እያልን ላደግን ሰዎች ይህ አይከብድም። እኔ በስሜ የተጠራሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በማግሥቱ ለቤቱ ልጆች ፒ ሆኜ አደርኩ። ሰው ገበታ ላይ ተቀምጦ በደጁ ስታልፊም "ማ ኪን ካው" ይልሻል። ይህ የእኛው "እንብላ" ነው። ምግቡን ብትቀምሺም ባትቀምሺም መልስ ሳትሰጪ አትለፊ።

አሁን ስለ ሩዙ ላውራሽ፤ ያ ቤት ሲታወሰኝ ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው። ኢሳን የሚበላው በሹካና ማንኪያ የምናውቀውን ሩዝ አይደለም። "ካው ኒያው" የሚሉት ተጣባቂ ሩዝ ነው። ማታ በውኃ ይዘፈዘፋል። ያይ፣ የቤቱ አያት፣ ገና ሳይነጋ ተነሥተው የሸክላ ከሰል ምድጃቸውን ያቀጣጥላሉ፤ ሩዙን በቀርከሃ በተሠራ ሾጣጣ ቅርጫት ውስጥ አድርገው አፉ ሰፊ በሆነ ድስት ላይ ያስቀምጡታል። ሩዙ ውኃውን ሳይነካ በእንፋሎት ብቻ ይበስላል። ሲበስል የእንጨት ገበታ ላይ ይገለብጡትና እንፋሎቱ እንዲወጣ በማማሰያ እያገላበጡ ያራግቡታል። ይህን የሚያደርጉት ሩዙ እንዳይላቁጥ ነው። ከዚያ "ክራቲፕ" በሚሉት ክዳን ባለው የቀርከሃ መሶብ ውስጥ ይገባል፤ እስከ ማታም ሳይደርቅ ይቆያል። አዎ፣ መሶብ ነው የምለው፤ ሌላ ቃል አላገኝለትም። ቆንጠር አድርገሽ በመዳፍሽ ጠቅለል፣ ከወጡ ጠቀስ፣ ከዚያ ጉርስ። ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን በእጃችን ስንበላ ያይ እጄን ትኩር ብለው አይተው "ይቺ ልጅ ታውቅበታለች" አሉ። የዚያን ዕለት የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳውም።

ከዚያው ሩዝ የመጀመሪያው የሚወጣው ለመነኮሳት ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ መነኮሳቱ ባዶ እግራቸውን በመደዳ በመንደሩ ያልፋሉ፤ ሴቶቹ ደጃቸው ላይ ጫማቸውን አውልቀው ተንበርክከው ይጠብቋቸዋል። በብዙ የኢሳን መንደሮች መንገድ ላይ የሚሰጠው ሩዝ ብቻ ነው፤ ወጡን ቆየት ብለው ወደ ዋት፣ ማለትም ወደ ገዳሙ፣ ይዘው ይሄዳሉ። መነኮሳቱ ከቀትር በኋላ እህል አይቀምሱም። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ፤ አንድ አረጋዊ መነኩሴ የጣሉትን ማራገቢያ አንሥቼ በእጃቸው ልሰጣቸው ተንደረደርኩ። ሴት መነኩሴን መንካት፣ በእጁም ማቀበል አይፈቀድላትም። ያይ ክንዴን ያዝ አድርገው ምንጣፉ ላይ እንዳስቀምጠው አሳዩኝ፤ መነኩሴው ከዚያ አነሡት። ማንም አልተቆጣኝም፤ አንቺ ግን አስቀድመሽ እወቂው። እግርሽንም ወደ ሰው ወይም ወደ ምስል አትዘርጊ፣ ወደ ጎን አጥፈሽ ተቀመጪ። የሰው ራስ አትንኪ፣ የሕፃንም ቢሆን። ነጠላ ይዘሽ ሂጂ፤ ትከሻ ለመሸፈን ከእሱ የተሻለ ልብስ የለም።

ስለ ሃይማኖት ባትጠይቂም ሳታስቢው አልቀረሽም። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ገዳሙ ውስጥ ገብቼ በአክብሮት ተቀምጫለሁ፤ ለምስሉ አልሰገድኩም፣ ስገጂ ያለኝም የለም። ያይ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አይተው "ማን አሰረልሽ?" ብለው ጠየቁኝ። ክርስትና ስነሣ ነው ብዬ በልጃቸው አስተርጓሚነት ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ልሄድ ስል የመንደሩ አሮጊቶች ተሰብስበው፣ መንገደኛ ሲሸኙ እንደ ወጋቸው፣ እየመረቁ አንጓዬ ላይ ነጭ ክር አሰሩልኝ። ቢያንስ ሦስት ቀን ሳይፈታ መቆየት አለበት ይላሉ። እኔ የተቀበልኩት እንደ እናቶች ምርቃት ነው፤ አንቺ የመሰለሽን ወስኚ። ባትቀበዪ እንኳ በፈገግታና በትሕትና ከሆነ አይቀየሙሽም።

አንድ ያስገረመኝን ነገር ልጨምርልሽ። በዓመት አቆጣጠር እጅግ እንራራቃለን፤ እኔ 2016 ስል እነርሱ 2567 ነበሩ። በምሽት ሰዓት አቆጣጠር ግን እንገናኛለን። ፈረንጅ ከምሽቱ ሰባት ሰዓት የሚለውን "ኑንግ ቱም"፣ አንድ ሰዓት፣ ይሉታል፤ ስምንቱን "ሶንግ ቱም"፣ ሁለት ሰዓት፤ እንዲህ እያለ እስከ አምስት ይሄዳል። ልክ እንደ እኛ! ቀን ላይ ግን አይገጥምምና ለባቡርና ለቀጠሮ የተጻፈውን ሰዓት ተከተዪ።

በኅዳር መሄድሽ መልካም ነው። ዝናቡ አባርቶ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ሩዙም የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። እኔም በኅዳር 2017 ለእናቴ ክትትል ስንመለስ አጨዳው ላይ ደረስኩ። ድሮ "ሎንግ ኬክ" የሚሉት ነበራቸው፤ ጎረቤት ተጠራርቶ የአንዱን ማሳ አጭዶ ወደ ሌላው ያልፋል፣ ባለ ማሳው ያበላል ያጠጣል። ደቦ ማለት ነው። ዛሬ አብዛኛው ማሳ የሚታጨደው በኪራይ ማሽን ነው፤ ወጣቱ ከተማ ስለገባ ደቦ የሚወጣ ጉልበት የለም። ያይ ግን ማሽን የማይገባበት ጥግ ላይ ያለች ቁራሽ ማሳ ነበረቻቸውና በማጭድ ገባንበት። አባቴ የጎጃም ገበሬ ነበር፤ ማጭድ መያዝ አልጠፋኝም። ከሰዓት በኋላ ከኢትዮጵያ ያመጣሁትን ተቆልቶ የተፈጨ ቡና በዚያው የከሰል ምድጃ ላይ በጀበና አፈላሁላቸው። አንዷ ጎረቤት ሦስቱንም ሲኒ ጠጥታ ሌሊቱን ሙሉ እንዳልተኛች በማግሥቱ ነገረችኝ፤ ያም ሆኖ ተመልሳ መጣች።

አጥብቄ የምለምንሽ አንድ ነገር አለ። ሰሜን ብትሄጂ አንገታቸው ላይ የነሐስ ቀለበት የደረደሩ የካያን ሴቶች ወዳሉበት መንደር እንውሰድሽ የሚሉ አስጎብኚዎች ይገጥሙሻል። እነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ከምያንማር ጦርነት ሸሽተው የመጡ ቤተሰቦች ናቸው፤ ጎብኚ መግቢያ ከፍሎ ያያቸዋል፣ ፎቶ ያነሣቸዋል፣ ይወጣል። እኔ ደቡብ ኦሞ ውስጥ በሙርሲዎች መንደር ጎብኚ ለአንድ ፎቶ ብር ቆጥሮ ሲሰጥና ፊታቸውን ሳያይ ሲመለስ ተመልክቻለሁ። የራሳችን ሰው ሲሆን ያመመንን ነገር በሌላው ላይ አናድርገው። አልሄድኩም፤ አንቺም አትሂጂ።

የሚጋብዝሽ ሰው ከሌለሽ እንግዳ በቤታቸው የሚያሳድሩ መንደሮች አሉ። ናኮን ራቻሲማ ውስጥ ባን ፕራሳት፣ በጥንታዊ የሸክላ ዕቃዎቹ ዓለም ያወቀው በኡዶን ታኒ ያለው ባን ቺያንግ (በ1992 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው)፣ ሰሜን ከፈለግሽ ደግሞ ከቺያንግ ማይ 50 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ሜ ካምፖንግ። ሜ ካምፖንግ ግን ቅዳሜና እሑድ ይጨናነቃል። ወደ ኡቦን ራቻታኒ ማታ ከባንኮክ የሚነሣው ባቡር 575 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ጠዋት ያደርስሻል፤ የታችኛውን አልጋ ያዢ፣ ሰፋ ይላል። ከዚያ ወደ መንደሮቹ የሚወስድሽ "ሶንግቴው" ነው፤ ከኋላው ሁለት አግዳሚ የተገጠመለት ፒክ አፕ። ኮንግ ቺያም ወርደሽ የሙን ወንዝ ከሜኮንግ ጋር ሲገናኝ የውኃው ቀለም ለሁለት ተከፍሎ ታያለሽ። በሐምሌ 2017 ከካምቦዲያ ጋር ውጊያ ስለነበር ግን ወደ ደቡቡ ድንበር ከመጠጋትሽ በፊት የአካባቢውን ሰው ጠይቂ። ከኢትዮጵያ ለሚነሣ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው፤ የቪዛውን ሁኔታ ከኤምባሲው አረጋግጪ። ለባለቤቶቹ ገንዘብ ስትሰጪ በፖስታ አድርገሽ በሁለት እጅሽ አቅርቢ።

ወደ ምግቡ ልመለስ። ከኅዳር 15 በኋላ ነቢያት ስለሚገባ ጥያቄሽ ተገቢ ነው፤ እኔም የመጀመሪያውን ጉዞ ያሳለፍኩት በሁዳዴ ነበር። ችግሩ ሥጋው አይደለም፣ የዓሣው መረቅ ነው። "ናም ፕላ" የሚሉት የዓሣ ፈሳሽና "ፕላ ራ" የሚሉት በጨው የቦካ ዓሣ ሰላጣው ውስጥ ሁሉ ይገባል። "ጄ" ብትዪ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት የሌለበት ማለት መሆኑን ይረዳሉ፤ ነጭ ሽንኩርትም ይቀራል። እኔ ካው ኒያው፣ ሙዝ፣ የተጠበሰ እንጉዳይና ያለ ዓሣ የተወቀጠ የፓፓያ ሰላጣ እየበላሁ አንድም ቀን አልተራብኩም። ባትጾሚ ደግሞ ጥሬ የወንዝ ዓሣ አትብዪ። "ኮይ ፕላ" ይሉታል፣ ሎሚና በርበሬ ስላለበት የበሰለ ይመስላል። በዚያ ዓሣ የሚተላለፍ የጉበት ትል አለ፤ ከዓመታት በኋላ የሐሞት መተላለፊያ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል፤ ኢሳን በዚህ በሽታ ከዓለም እጅግ ከተጎዱት ቦታዎች አንዱ ነው። ጥሬ ሥጋ ለምደናል ብለሽ አትድፈሪ። በደንብ የበሰለውን ብዪ።

"ዓሣም፣ የዓሣ መረቅም አታድርጉበት" የሚለውን አስታማሚዋ በታይ ፊደል በወረቀት ጽፋልኝ ነበር፤ እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ዛሬ ማታ ፎቶ አንሥቼ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፤ ስልክሽ ላይ አስቀምጠሽ ለባለ ምግብ ቤቷ ማሳየት ይበቃሻል።