እስክንድርያን ለመጎብኘት ላሰቡ፦ ጥያቄና መልስ

በግብፅ የባሕር ጠረፍ ስላለችው ስለ እስክንድርያ ከአባላት የቀረቡትን ጥያቄዎች፣ በከተማዋ ኖሬ ካየሁትና ካነበብሁት በመነሣት እንደሚከተለው መልሻለሁ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብዬ ካልጠቀስሁ በቀር ዘመናቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ወደ ካይሮ ለሥራ እሄዳለሁ። እስክንድርያን በአንድ ቀን አይቼ መመለስ እችላለሁን?

መልስ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን አልመክርዎትም። ርቀቱ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ራምሲስ ከተባለው የካይሮ ዋና የባቡር ጣቢያ በጠዋት ባቡር ተነሥተው ማታ መመለስ ይችላሉ። ሆኖም እስክንድርያ እንደ ጊዛ ፒራሚዶች ከሩቅ የምትታይ ከተማ አይደለችም። ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 የቆረቆራት ከተማ የቤተ መንግሥት ሰፈር በምድር መናወጥ ምክንያት ባሕር ውስጥ ሰጥሟል፤ ከቀረውም አብዛኛው ዛሬ ሰው ከሚኖርባቸው ሕንፃዎች ሥር ተቀብሯል። ስለዚህ ጎብኚው ወደ ታች መውረድና መፈለግ አለበት፤ ለዚህም ቢያንስ ሁለት ሌሊት ማደር ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ከሰባቱ የጥንት ዓለም ድንቆች አንዱ ከሆነው ከፋሮስ የብርሃን ማማ የተረፈ ነገር አለ?

መልስ፦ ማማው ራሱ የለም። ከእስክንድር በኋላ ግብፅን ከገዙት በጥሊሞሳውያን ነገሥታት በሁለተኛው፣ በዳግማዊ በጥሊሞስ ዘመን ተሠርቶ ከ100 ሜትር በላይ ከፍታ የነበረው ይህ ሕንፃ ከ1,500 ዓመታት በላይ ከቆየ በኋላ በ14ኛው መቶ ዘመን በደረሱ የምድር መናወጦች ፈረሰ። በ1477 የግብፅ ገዥ የነበረው ሱልጣን ቃይትባይ በዚያው ቦታ ምሽግ አሠራ፤ ዛሬ የሚጎበኘውም ይኸው ምሽግ ነው። ከምሽጉ በታች ባለው ባሕር ውስጥ በ1990ዎቹ ጠላቂ ተመራማሪዎች ግዙፍ የድንጋይ ብሎኮችንና ሐውልቶችን አግኝተዋል። ከባሕር የወጣውን የአንድ በጥሊሞሳዊ ንጉሥ ትልቅ ሐውልት በአዲሱ ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ቆሞ ያዩታል።

ጥያቄ፦ አንድ ቦታ ብቻ የማየት ዕድል ቢኖረኝ የትኛውን ልምረጥ?

መልስ፦ ያለ ማመንታት ኮም ኤል ሹቃፋ የተባለውን የከርሰ ምድር መቃብር ይምረጡ። ቦታው በ1900 የተገኘው አንድ አህያ መሬቱ ተደርምሶባት በመውደቋ እንደሆነ ይነገራል። ክብ ጉድጓድ እየዞረ በሚወርድ ደረጃ ሲወርዱ ዘመዶች ለሙታን መታሰቢያ ማዕድ ይቀመጡበት የነበረውን፣ ከዓለቱ የተፈለፈለ መደብ ያለውን ክፍል ያገኛሉ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ካለው ዋናው መቃብር በር ግራና ቀኝ ጢማም እባቦች የግብፅን ድርብ ዘውድ ደፍተው ተቀርጸዋል፤ ከበላያቸው ደግሞ በግሪክ አፈ ታሪክ ጸጉሯ እባብ የሆነው የሜዱሳ ፊት ያለበት ጋሻ አለ። ወደ ውስጥ ሲዘልቁ የቀበሮ ራስ ያለው የግብፃውያን የሙታን አምላክ አኑቢስ የሮማ ወታደር ጥሩር ለብሶ ቆሞ ያያሉ። ግብፅ፣ ግሪክና ሮም በአንድ ከተማ እንዴት አብረው እንደኖሩ ይህን ያህል የሚያስረዳ ቦታ እኔ አላየሁም።

በአቅራቢያው 27 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ከአስዋን ቀይ ድንጋይ የተሠራ ዓምድ አለ። ሰዎች የፖምፔ ዓምድ ይሉታል፤ የቆመው ግን ክርስቲያኖችን ላሳደደው ለሮማው ንጉሥ ለዲዮቅልጥያኖስ ክብር ነው። ስንክሳር የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ይህን ስም በሚገባ ያውቀዋል፤ ዘመነ ሰማዕታት የሚቆጠረው እርሱ ከነገሠበት ከ284 ጀምሮ ነውና። የእስክንድርያው ፓትርያርክ ተፍጻሜተ ሰማዕት ጴጥሮስ አንገቱን የተሰየፈው በዚህችው ከተማ ስለሆነ፣ ዓምዱን ይህን እያሰቡ ቢያዩት ይሻላል።

ጥያቄ፦ አዲሱ ቤተ መጻሕፍት ለማያነብ ሰው ምን አለው?

መልስ፦ በ2002 የተመረቀው ሕንፃ ራሱ መታየት የሚገባው ነው፤ ወደ ባሕሩ ያዘነበለ ክብ ጣሪያና በብዙ የዓለም ፊደላት የተቀረጸ የድንጋይ ግድግዳ አለው። በውስጡ ያለውን የቅርሳ ቅርስ ሙዚየም ግን አይለፉት። ለሕንፃው ግንባታ መሬት ሲቆፈር የተገኘ፣ ቀይ የአንገት ማሰሪያ ያለው ውሻ ከተገለበጠ የነሐስ ዕቃ አጠገብ ተቀምጦ የሚያሳይ ሞዛይክ እዚያ ይገኛል። ጠጠሮቹ እጅግ ደቃቅ በመሆናቸው ከጥቂት እርምጃ ርቀት በቀለም የተሣለ ይመስላል።

ጥያቄ፦ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ነን። ልንሳለማቸው የሚገቡ ቦታዎች የትኞቹ ናቸው?

መልስ፦ በመጀመሪያ በከተማዋ መሐል ወደሚገኘው የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ይሂዱ። ሕንፃው የቅርብ ዘመን ነው፤ መንበሩ ግን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በ4ኛው መቶ ዘመን ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስናን የተቀበሉበት ነው። ፓትርያርኮቹ በ11ኛው መቶ ዘመን መቀመጫቸውን ወደ ካይሮ ቢያዛውሩም መንበሩ እስከ ዛሬ በእስክንድርያ ስም ይጠራል። ቅዳሴው በቅብጥና በዐረብኛ ነው። በበሩ ፍተሻ ስላለ ፓስፖርት ይያዙ።

ሁለተኛው፣ ከከተማዋ በስተ ደቡብ ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው አቡ ሚና ነው። ኅዳር 15 ቀን የምናስበው የቅዱስ ሚናስ መቃብር የነበረበትና ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበው የጥንት ከተማ ፍርስራሽ በዚያ አለ። በአጠገቡ ያለውን አዲሱን ገዳም ያቋቋሙት የእስክንድርያው ፓትርያርክ ፖፕ ቄርሎስ ስድስተኛ ናቸው፤ በ1951 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር አቡነ ባስልዮስን የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ አድርገው የሾሙት እርሳቸው ሲሆኑ፣ አጽማቸውም ያረፈው በዚያው ገዳም ነው። የሕዝብ ትራንስፖርቱ አድካሚ ስለሆነ መኪና ተከራይቶ መሄድ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በጾም ወቅት ምግብ እንቸገራለን?

መልስ፦ አትቸገሩም። ፉል፣ ከባቄላ የሚሠራ ፈላፍልና ኮሸሪ (ሩዝ፣ ምስርና ፓስታ ተቀላቅሎ የሚሠራ) በየመንገዱ አለ፤ ዘይቱ የአትክልት መሆኑን ብቻ ጠይቁ። ግብፃውያን ክርስቲያኖች በአንዳንድ አጽዋማት ዓሣ ስለሚበሉ “የጾም ነው” ተብሎ ዓሣ ሊቀርብላችሁ ይችላል። ጾም ሲፈታ ደግሞ በአንፉሺ ሰፈር በበረዶ ላይ ከተደረደረው ዓሣ በእጃችሁ አመልክታችሁ፣ አስመዝናችሁና ዋጋውን አረጋግጣችሁ አስጠብሱ።

ጥያቄ፦ ልጆቼ መዋኘት ይፈልጋሉ። መቼ እንምጣ?

መልስ፦ ለዋና ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ጥሩ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ግን ካይሮ በሙሉ ወደዚያ ስለሚወርድ ዳርቻው ይጨናነቃል። እኔ የመስከረምን የመጨረሻ ሳምንታት እመርጣለሁ፤ ባሕሩ ገና ሞቃት ነው፣ ሰዉም ቀንሷል። በክረምታቸው፣ በተለይ በታኅሣሥና በጥር፣ ማዕበሉ ኮርኒሽ ከሚባለው የባሕር ዳር መንገድ ላይ እስኪወጣ ድረስ ይበረታል። ለልጆች ሰፊ የአትክልት ስፍራ ያለው የሞንታዛ ቤተ መንግሥት ግቢ ይስማማቸዋል። በረመዳን የሙዚየሞች መዝጊያ ሰዓት ስለሚያጥር ጉብኝቱን በጠዋት ጨርሳችሁ ከሰዓት በኋላውን ለባሕሩ ተዉት።