ፋይዳ አለኝ፣ የምኖርበት ቀበሌ መታወቂያ የለኝም፤ መምረጥ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የወላይታ ልጅ ነኝ። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ከገባሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አራት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተናል። የቀበሌ መታወቂያ ላወጣ ስሄድ «መሸኛ አምጪ፣ አከራይሽንም ይዘሽ ነይ» አሉኝ። አከራያችን ደግሞ «ስሜን እንዳታነሺ» ብላኛለች። መሸኛው ሶዶ ነው፣ እረፍቴ እሁድ ብቻ ነው፣ እሁድ ደግሞ ቢሮው ዝግ ነው። ፋይዳ ግን አለኝ። በሱ ለምርጫ ብመዘገብስ?
ግራ የገባት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ ፋይዳ ማን እንደሆንሽ ይናገራል። አሻራሽን፣ ዓይንሽንና ፊትሽን ስለያዘ በስምሽ ሌላ ሰው እንዳይቀርብ ይረዳል። ኢትዮጵያዊ መሆንሽን ግን አያረጋግጥም፤ እዚህ የሚኖር የውጭ ዜጋም ያወጣዋልና። የምርጫ ሕጉ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ ለመራጭነት ዜግነትን፣ በምዝገባው ዕለት 18 ዓመት መሙላትን፣ በምርጫ ክልሉም ቢያንስ ስድስት ወር መኖርን ይጠይቃል። አንቺ ሁሉንም ታሟያለሽ። የጎደለሽ ሐዋሳ መኖርሽን የሚያሳይ ወረቀት ነው።

እሱ ደግሞ አከራይሽ እጅ ላይ ወድቋል። ሴትዮዋ አንቺን ጠልታ አይመስለኝም። ብዙ አከራይ ስሙ መዝገብ ላይ ከገባ የኪራይ ግብር ይመጣብኛል ብሎ ነው የሚሸሸው። ይገባኛል፣ ግን አንድ ዜጋ መምረጥ አለመምረጡ በአከራዩ የግብር ፍርሃት ሲወሰን ያናድዳል። ብቻሽን ከምትለማመጫት አራታችሁም አብራችሁ አናግሯት፣ የጽሑፍ ውልም ጠይቁ። ካሠሪሽ ደግሞ የሥራ ደብዳቤ ያዢ። ደብዳቤው መታወቂያ አይሆንም፣ ቀበሌ ስትሄጂ ግን ባዶ እጅሽን ከመቆም ይሻላል።

አሁን መሸኛው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መሸኛ ስትወስጂ አብዛኛውን ጊዜ የድሮውን መታወቂያ ትመልሻለሽ። አዲሱ እስኪወጣ ድረስ ታዲያ እጅሽ ላይ ከመሸኛው በቀር ምንም የለም። የመራጮች ምዝገባ በተጀመረበት ሰሞን ይህን ካደረግሽ ከሁለቱም ቦታ ልትቀሪ ትችያለሽ፤ ስለዚህ ምርጫ ሳይደርስ፣ ግርግር ሳይኖር፣ አሁኑኑ ጨርሺው። ከመሄድሽ በፊት ለቤተሰብሽ ደውለሽ ቀበሌው መሸኛውን ለነሱ ይሰጥ እንደሆነ፣ ምን ወረቀት እንደሚፈልግም አስጠይቂ። «ባለቤቷ ትምጣ» ካሉ የሥራ ቀን ፈቃድ ውሰጂ። የድሮውን መታወቂያ ከመመለስሽ በፊት ኮፒ አድርጊው።

ሶዶ ሄጄ ብመዘገብስ ብለሽ አስበሽ ይሆናል። የምትኖሪው ሐዋሳ ነው፣ ስድስት ወሩም የሚቆጠረው የምትኖሪበት ቦታ ነው። በዚያ ላይ አንዴ ለምዝገባ፣ አንዴ ለድምፅ መመላለስ አለ። ሁለቱም ቦታ መመዝገብን ደግሞ አታስቢው፣ ወንጀል ነው።

አንድ ነገር ልብ በይ፤ መራጭ የሚመዘግበው ቀበሌው ሳይሆን የምርጫ ጣቢያው ነው። ቀበሌ መታወቂያ ስለከለከለሽ ብቻ ከጣቢያው አትቅሪ። መታወቂያ የሌለው ሰው በሚያውቁት ነዋሪዎች ምስክርነት የሚመዘገብበት መንገድ በምርጫ አሠራራችን የቆየ ነው፣ በተለይ በገጠር። ሂጂና ጠይቂ። ካልመዘገቡሽ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂ፤ አቤቱታሽን እዚያው ጣቢያ ላለው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ አቅርቢ፣ ካልሆነ ወደ ምርጫ ክልሉ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት። ጠበቅ ቢሉብሽ ግን አትቀየሚ። ያንቺው አገር ሰው ያስታውሳል፤ አዲስ ክልል ለመመሥረት በወላይታ ዞን የተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ በምርጫ ሕግ ጥሰት ምክንያት ተሰርዞ ሰኔ 12 ቀን 2015 እንደገና ነው የተካሄደው።

ጥያቄ፦ ልጄ ምዝገባው ካለቀ በኋላ፣ ግን ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት 18 ዓመቷን ትሞላለች። የልደት ምስክር ወረቀትም የላትም። ትመርጣለች?
አባት፣ ከታቦር

መልስ፦ በዚህኛው አትመርጥም፣ ጋሼ። ዕድሜው የሚቆጠረው በምዝገባው ዕለት ነው። የልደት ምስክር ወረቀቱን ግን አይተዉት። በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው፤ ልጅዎ ከዚያ በፊት ስለተወለደች በወቅቱ አለመመዝገቧ የሚገርም አይደለም። አሁንም ማስመዝገብ ይቻላል። የክትባት ካርድ ወይም የትምህርት ቤት ማስረጃ ካለ ይዘው ይሂዱ፤ ትምህርት ቤቱ ላይ ያለው የትውልድ ዓመት ከሚያስመዘግቡት ጋር አንድ መሆኑን ግን አስቀድመው ይዩ።