ጥቁሩ አፈርዎ ወዴት ሄደ?

አንድ ገበሬ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦ «ረግረግ አጠንፍፌ ያቀናሁት ጥቁር መሬት አለኝ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያለ ማዳበሪያ ያበላኝ ነበር። አሁን ምርቱ ቀንሷል፤ ማሳውም ትንሽ ዝቅ ያለ ይመስለኛል። ውሃ ስላስቸገረኝ አምና ቦዩን አጠለቅሁት፤ በበጋ ግን አፈሩ እንደ አመድ ይበናል። ምን ማዳበሪያ ልጨምር?»

ማዳበሪያውን ለጊዜው ይተዉት። እኔን ያሳሰበኝ በመሐል ጣል አድርገውት ያለፉት ነገር ነው፤ ማሳው ዝቅ ያለ ይመስለኛል ብለዋል። ዝቅ ብሏል እንጂ መምሰል ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሆልም በተባለ ረግረግ በ1851 እ.ኤ.አ. ጫፉ ከመሬት እኩል ሆኖ የተተከለ የብረት ምሰሶ ዛሬ 4 ሜትር ያህል ከመሬት በላይ ቆሞ ይታያል። ምሰሶው አላደገም፤ ውሃው ሲጠነፍፍ አፈሩ ወረደ።

የእርስዎም አፈር ፒት የሚባለው ሳይሆን አይቀርም፤ ውሃ ውስጥ ተኝቶ መበስበስ ያቃተው ሣርና ሥር ማለት ነው። የደረቅ ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ውሃው ሲወጣ አየር ይገባል፤ ረቂቅ ተሕዋስያን ይበሉታል፤ ካርቦኑም ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ያኔ ያለ ማዳበሪያ ያበላዎት አፈሩ ራሱ እየበሰበሰ የለቀቀው ናይትሮጅን ነበር። ሙቀት ደግሞ ያባብሰዋል፤ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር መበስበሱ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጥናል። ሆኖም ውሃ የሞላው አፈር ቢሞቅም ብዙ አይጎዳም። የሚበላው እርጥበትም አየርም ያገኘው ሞቃት አፈር ነው፤ ያም ከሚበነው አቧራ ሥር ያለው ነው። ሙቀቱን ማዘዝ አንችልም፤ ውሃውን ግን እንችላለን።

ስለዚህ ቦዩን በሳንቃ ይክተሩት። በቦዩ ግራና ቀኝ፣ ሳንቃው የሚገባበት ጎድጓዳ መሥመር የተፈለፈለባቸው ሁለት ወፍራም ቋሚዎች ይትከሉ፤ ሳንቃዎቹን አንዱን ባንዱ ላይ በተፈለፈለው መሐል ያስገቡ። የታችኛው ሳንቃ ወለሉን ዘልቆ፣ ጎንና ጎኑም ወደ ግድግዳው በደንብ ገብቶ ይቀበር፤ አለበለዚያ ውሃው ዞሮ ያመልጣል። ክፍተቱን በሸክላ ጭቃ ይድፈኑ፤ ፒቱ ራሱ ውሃ ያሳልፋል። ሰብሉ ማሳ ላይ ሳለ ሳንቃ እየቀነሱ ውሃውን ከመሬቱ ገጽ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርገው ይያዙት። አዝመራው እንደተነሳ ሳንቃውን መልሰው እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ያስጠጉት። ዝናቡ ሳይወጣ መክተር አለብዎት፤ በጋ ከገባ የሚያዝ ውሃ የለም። ገጹ ላይ ግን አይተኛ፤ ያኔ ሚቴን የተባለ፣ የዓለምን አየር የሚያሞቅ ሌላ ጋዝ ይወጣል። ልኩን ለማወቅ ማሳው መሐል አንድ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ በዘንግ መለካት ይበቃል። ውሃው ወደ ላይኛው ጎረቤትዎ ማሳ ሊመለስ ስለሚችል አስቀድመው ያነጋግሯቸው።

አንድ ነገር ልቆጣዎት። መሬቱ ሲወርድ ውሃ ይተኛል፤ ውሃ ሲተኛ ቦይ ይጠልቃል፤ ቦይ ሲጠልቅ መሬቱ እንደገና ይወርዳል። በየሄድኩበት ይህን አያለሁ፤ ያሳዝነኛልም። ከእንግዲህ ቦዩን አያጥልቁት። ገለባውንም አያቃጥሉ፤ እሳቱ ወደ ፒቱ ከገባ ከሥር ለሥር ለሳምንታት ይነዳል። ይልቅ አልብሰው ይተዉት፤ ፀሐይን ይከላከላል።

አሁኑኑ አንድ ረጅም ብረት ታችኛውን ጠንካራ መሬት እስኪነካ ይምቱና በገጹ ልክ ምልክት ያድርጉበት። በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ ወቅት ምልክቱ ከመሬት ስንት ጣት ከፍ እንዳለ ይጻፉልኝ፤ ስለ ማዳበሪያው ያን ጊዜ እንነጋገራለን።